ላሚን ያማል ከሰማይ ዱብ አላለም፦ የአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች ልጆች ከየት መጡ?

በጀርመን ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሥራ ላይ መገኘት የለበትም። ስፖርተኛ ከሆነ እስከ 5 ሰዓት ይፈቀድለታል። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ይህ አንቀጽ ድንገት የጋዜጣ ወሬ ሆነ። ስፔን ይዛው የመጣችው የክንፍ ተጫዋች ላሚን ያማል ገና 16 ዓመቱ ነበርና። ጨዋታው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ጀምሮ ወደ ጭማሪ ሰዓት ቢሄድ፣ ልጁ ገላውን ታጥቦ ለጋዜጠኛ ቃል እስኪሰጥ ሰዓቱ ያልፋል። ቅጣቱ እስከ 30 ሺህ ዩሮ ሊደርስ ይችላል ተባለ። ልጁ ደግሞ ካምፕ የገባው የቤት ሥራውን ይዞ ነው። ከልምምድ በኋላ ቁጭ ብሎ ይሠራ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ማለፉንም የሰማው እዚያው ጀርመን እያለ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። ጁላይ 9፣ ሙኒክ፣ ግማሽ ፍፃሜ። ፈረንሳይ 1 ለ 0 እየመራች ነው። በ21ኛው ደቂቃ ያማል ኳሷን ከሳጥኑ ውጭ ይዟል፤ ፊት ለፊቱ አድሪያን ራቢዮ ቆሟል። ልጁ ኳሷን ሳብ አድርጎ ለራሱ ትንሽ ክፍተት ፈጠረና በግራ እግሩ ጠምዝዞ ላካት። በረኛው ማይክ ሜኛን ቢወረወርም አልደረሰባትም። የግቡን ቋሚ ውስጠኛውን ጎን መትታ ገባች። 16 ዓመት ከ362 ቀን። በአውሮፓ ዋንጫ ታሪክ በዚህ ዕድሜ ጎል ያገባ የለም። ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ፎንላንተን በ2004 ሲያገባ 18 ዓመት አልፎት ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ስፔን በርሊን ላይ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ያማል 17 ዓመት የሞላው በፍፃሜው ዋዜማ ነው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ተዓምር አየው። ተሰጥኦውን ማንም አይክድም። ግን እስኪ ዙሪያውን እንይ። በዚያው ውድድር ቱርክ አርዳ ጉለርንና ኬናን ይልዲዝን አሰልፋ ነበር፤ ሁለቱም 19 ዓመታቸው ነው። የውድድሩን የመጀመሪያ ጎል ያገባው ጀርመናዊው ፍሎሪያን ቪርትዝ፣ ሁለተኛውን ያገባው ጀማል ሙሲያላ ነው፤ ሁለቱም 21 ዓመታቸው። እንግሊዝ በፍፃሜው የመሐል ሜዳዋን ሥራ ለ19 ዓመቱ ኮቢ ማይኑ ሰጥታለች። አጠገቡ የነበረው ጁድ ቤሊንግሃም 21 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ተዓምር በአንድ ክረምት በአራት አገር አይከሰትም።

እኔ የማምነው ይህን ነው። እነዚህን ልጆች ያወጣቸው ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው። ያው ሥራ ግን አሁን ያፈራቸውን ልጆች መልሶ እየበላ ነው። ልጅን ቶሎ ማሰለፍ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ከባዱ ነገር ያ ልጅ በ25 ዓመቱም ጉልበቱ ጤነኛ ሆኖ እንዲጫወት ማድረግ ነው።

ጢም ሳያበቅሉ የሚያውቃቸው አሰልጣኝ

ስፔንን በደንብ እንያት። በ2022 የዓለም ዋንጫ በሞሮኮ ተሸንፋ ስትወጣ ፌዴሬሽኑ ሉዊስ ኤንሪኬን አሰናብቶ ሉዊስ ዴ ላ ፉዌንቴን ሾመ። ትልቅ ክለብ አሰልጥኖ የማያውቅ ሰው ነው። በማርች 2023 ግላስጎው ላይ በስኮትላንድ 2 ለ 0 ሲሸነፍ ጥርጣሬው ባሰ።

ሰውየው ግን ሌሎቹ ዝነኛ አሰልጣኞች የሌላቸው ነገር ነበረው። ከ2013 ጀምሮ በፌዴሬሽኑ ውስጥ ከታዳጊዎች ጋር ነው የኖረው። በ2015 ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን ሲያነሳ በቡድኑ ውስጥ በረኛው ኡናይ ሲሞን፣ አማካዮቹ ሮድሪና ሚኬል ሜሪኖ ነበሩ። በ2019 ከ21 ዓመት በታቹን ሲወስድ ፋቢያን ሩይዝ፣ ዳኒ ኦልሞና ሚኬል ኦያርሳባል አብረውት ነበሩ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ማርክ ኩኩሬያና ፔድሪ ተጨመሩ።

አሁን የ2024ን ዋንጫ በዚህ ዓይን እንየው። በሩብ ፍፃሜው አዘጋጇን ጀርመንን በ119ኛው ደቂቃ በግንባሩ ገጭቶ ያሰናበታት ሜሪኖ ነው። በፍፃሜው 86ኛ ደቂቃ ላይ ኩኩሬያ ከግራ አሻገረ፣ ኦያርሳባል ተንሸራቶ አስገባ። የውድድሩ ኮከብ ሮድሪ ተባለ። እነዚህ ሰዎች አሰልጣኛቸውን ያወቁት ጢም ሳያበቅሉ ነው። ልምምዱን ያውቁታል፤ ምን እንደሚያስቆጣው ያውቃሉ። ብሔራዊ ቡድን በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚሰባሰበው። አዲስ አጨዋወት ለማስተማር ጊዜ የለም። ስፔኖች ትምህርቱን የጨረሱት ከዓመታት በፊት ነበር።

የ16 ዓመት ልጅ እዚህ ቡድን ውስጥ ሲገባ የሚገጥመው ነገር የተመቻቸ ነው። ከኋላው ዳኒ ካርቫሃል አለ፤ 32 ዓመቱ፣ ስድስት የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ያነሳ ሰው። ያማል ወደፊት ሲሄድ ጀርባውን የሚሸፍንለት አለ። ኳስ ሲነጠቅ የሚሮጥለት ሮድሪ አለ። ለልጁ የቀረለት ሥራ አንድ ነው፦ ኳሷን ተቀበል፣ ፊትህ ያለውን ተከላካይ አስጨንቀው። ካሳሳተ ጎል ነው። ካልተሳካለት ሌላው ይሸፍንለታል።

"ወጣት ቡድን" ሲባል ብዙዎቻችን የምንስተው ይሄ ነው። ስፔን ዋንጫውን በአስራ አንድ ልጆች አልወሰደችም። ሁለቱን ክንፎች ለያማልና ለኒኮ ዊሊያምስ ሰጠች፤ ሌላውን ቦታ በበሰሉ ሰዎች ሞላችው። ኒኮም በፍፃሜው 22 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀኑ ነበር፤ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ያማል አመቻችቶ አቀብሎት ነው።

ያማል ያደገው ከባርሴሎና ወጣ ብላ ባለችው ማታሮ፣ ሮካፎንዳ በሚባል የሠራተኛ ሰፈር ነው። አባቱ ሞሮኳዊ ነው፤ እናቱ ከኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። ጎል ሲያገባ በጣቶቹ የሚያሳየው 304 የሰፈሩ የፖስታ ኮድ የመጨረሻ ሦስት አሃዞች ነው። ላ ማሲያ በሚባለው የባርሴሎና ክለብ አካዳሚ ያለፈ ልጅ ነው። በ15 ዓመት ከ290 ቀኑ፣ በኤፕሪል 2023፣ ለባርሴሎና ዋና ቡድን ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ትብሊሲ ላይ ጆርጂያን 7 ለ 1 ሲያሸንፉ ለስፔን የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፤ ጎልም አገባ።

አሰልጣኙ ከልጅ ጋር ሁሉ አይቸኩልም ነበር። ተከላካዩ ፓው ኩባርሲ በ17 ዓመቱ፣ በማርች 2024 ለዋናው ቡድን ተጫውቷል። የአውሮፓ ዋንጫው የመጨረሻ ዝርዝር ሲወጣ ግን ስሙ አልነበረም። ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ ሄዶ ከእነ ፈርሚን ሎፔዝ ጋር ወርቅ ይዞ ተመለሰ፤ በፍፃሜው ፈረንሳይን 5 ለ 3 አሸንፈው። ከዋናው ቡድን የቀረ ልጅ የሚያርፍበት ሌላ ትልቅ መድረክ መኖሩ ራሱ የሥርዓት ምልክት ነው።

ከውርደት የጀመረ ሥራ

ጀርመን ይህን መንገድ የጀመረችው ተዋርዳ ነው። በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ (ዩሮ 2000) በምድቧ መጨረሻ ሆና ወጣች። አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል። በፖርቹጋል ተቀያሪዎች 3 ለ 0 ተሸነፈች። በዚያ ቡድን ውስጥ ሎታር ማቴዎስ በ39 ዓመቱ ከኋላ ይጫወት ነበር። ታላቅ ተጫዋች ነው፤ ግን በ39 ዓመት ሰው ላይ የቆመ ብሔራዊ ቡድን ከታች የሚመጣ ልጅ እንደሌለው ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። የቡንደስሊጋ ክለቦች አካዳሚ ካልኖራቸው የመጫወቻ ፈቃድ አያገኙም ተባለ። ፌዴሬሽኑ በመላ አገሪቱ ከ350 በላይ የሥልጠና ጣቢያዎች ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በገጠር ያለ ባለተሰጥኦ ልጅ ከትልቅ ክለብ ስለራቀ ብቻ እንዳይቀር።

ፍሬው ዘጠኝ ዓመት ቆየ። በ2009 ስዊድን፣ ማልሞ ላይ ጀርመን ከ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ እንግሊዝን 4 ለ 0 አሸነፈች። የዚያን ቀን የተሰለፉት ኖየር፣ ቦአቴንግ፣ ሁመልስ፣ ሆቬዴስ፣ ከዲራና ኦዚል ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ብራዚልን በገዛ ሜዳዋ 7 ለ 1 በቀጣው ቡድን ውስጥ ስድስቱም ቋሚ ተሰላፊ ነበሩ። ስለ ወጣቶች እድገት አንድ ማስረጃ ብቻ አምጣ ብባል የማመጣው ይህን ነው።

እንግሊዝ ደግሞ ብዙ ዓመት አባክናለች። በ2006 የዓለም ዋንጫ የ17 ዓመቱን ቲዎ ዎልኮትን ይዛ ሄደች። ልጁ ለአርሰናል ዋና ቡድን ገና አልተሰለፈም ነበር። ጀርመን ድረስ ሄዶ አንድ ደቂቃ ሳይጫወት ተመለሰ። ይህ እንግዲህ ልጅ ማሳደግ አይባልም። በ2012 የአካዳሚዎች ደረጃ አወጣጥ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት የብሔራዊ ቡድኖቹ ማዕከል ሴንት ጆርጅስ ፓርክ ተከፈተ። በ2017 የእንግሊዝ ታዳጊዎች ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን፣ ከ17 ዓመት በታቹን የዓለም ዋንጫና ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን ሰበሰቡ። ሕንድ፣ ኮልካታ ላይ ከ17 ዓመት በታቾቹ በስፔን 2 ለ 0 እየተመሩ 5 ለ 2 አሸነፉ። ሁለቱን ያገባው ፊል ፎደን ነበር። ዋናው ቡድን ዋንጫ ገና ቢናፍቅም፣ ከ21 ዓመት በታቹ በ2023ም በ2025ም የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል።

የፈረንሳይ ነገር አጭር ነው፤ በፓሪስ ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች የሚፈልቀው ተጫዋች ለራሷም ለሌላም ይበቃል። ሞሮኮ፣ ሴኔጋል፣ አልጄሪያ ብሔራዊ ቡድኖቻቸውን በከፊል የሚሠሩት ፈረንሳይ ተወልደው ባደጉ ልጆች ነው። ዲዚሬ ዱዌ በ19 ዓመቱ የ2025ን የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ በሁለት ጎል ሲያደምቅ፣ ወንድሙ ጌላ ለአይቮሪኮስት ነው የሚጫወተው።

ገንዘቡና ደንቡ

የአካዳሚው ሥራ ብቻውን ግን ልጁን ሜዳ ላይ አያስቆመውም። የሚያስገባው ሰው ያስፈልጋል። አሰልጣኞች በልምድ ወደ ልምድ ያለው ተጫዋች ነው የሚያደሉት፤ የሚባረሩት እነሱ ናቸውና። ታዲያ ምን ተለወጠ?

አንዱ የገንዘብ ችግር ነው። ባርሴሎና በ2021 ሊዮ ሜሲን ያጣው ደመወዙን ለመመዝገብ አቅም ስላጣ ነው። ዕዳው ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። መግዛት ያቃተው ክለብ ወደ ጓዳው ዞረ። ጋቪ፣ ባልዴ፣ ያማል፣ ኩባርሲ፣ ፈርሚን በተከታታይ የወጡት በዚያ የችግር ዘመን ነው። ክለቡ ሀብታም ሆኖ ቢቀጥል ያማል በ15 ዓመቱ ይሰለፍ ነበር? እጠራጠራለሁ። በእንግሊዝም የሒሳብ ደንቡ ለልጆች በር ከፍቷል። አንድ ክለብ ራሱ ያሳደገውን ልጅ ሲሸጥ ገቢው ሙሉ በሙሉ እንደ ትርፍ ይመዘገብለታል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች (ከብሬግዚት) ወዲህ ደግሞ የእንግሊዝ ክለቦች ከውጭ አገር ከ18 ዓመት በታች ልጅ ማምጣት አይችሉም። ስለዚህ የሰፈራቸውን ልጅ ማየት ግድ ሆነባቸው።

ሁለተኛው የጨዋታ ደንብ ነው። ከ2020 ጀምሮ በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየር ተፈቀደ። የብሔራዊ ቡድን ዝርዝርም ከ23 ወደ 26 አደገ። ትንሽ ለውጥ ይመስላል። ግን ለ18 ዓመት ልጅ ሃያ ደቂቃ የሚገኘው ከእነዚህ ተጨማሪ ቦታዎች ነው። ኮል ፓልመር በበርሊኑ ፍፃሜ ከወንበር ተነስቶ በ73ኛው ደቂቃ ለእንግሊዝ አገባ።

ሦስተኛውን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሳው፤ የዜግነት ሽሚያ ነው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች 21 ዓመት ሳይሞላው ለዋናው ቡድን በውድድር ቢሰለፍም በጠቅላላው ያደረገው ጨዋታ ከሦስት ካልበለጠ፣ ሦስት ዓመት ጠብቆ ወደ ሌላው አገሩ መዞር ይችላል። አራተኛውን ሲጫወት በሩ ይዘጋል። በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉሩ ዋንጫ ከተሰለፈ አንድ ጨዋታም ይበቃል። ይህን ይዛችሁ ያማልን ተመልከቱ። ሞሮኮ ትፈልገው ነበር። ስፔን በ16 ዓመቱ ጠራችው፤ የመጀመሪያው ጨዋታውም የዩሮ ማጣሪያ ነው። ሙሲያላ ለእንግሊዝ ታዳጊዎች ሲጫወት ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2021 ጀርመንን መረጠ፤ በዚያው ክረምት በ18 ዓመቱ በአውሮፓ ዋንጫ ተሰለፈ። ይልዲዝ ጀርመን፣ ሬገንስቡርግ ተወልዶ በባየርን አድጎ ለቱርክ ይጫወታል። ብራሂም ዲያዝ ማላጋ ተወልዶ፣ ለስፔን አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ አድርጎ፣ በ2024 ወደ ሞሮኮ ዞረ። ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ተጠራ ይባላል፤ ልክ ነው። ግን "ሳይቀድሙን እንያዘው" የሚለው ስሌት በጥሪው ውስጥ የለበትም ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ልጆቹ የሚከፍሉት ዋጋ

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ከያማል በፊት አንሱ ፋቲ ነበር። በጊኒ ቢሳው ተወልዶ ስፔን ያደገ፣ በ16 ዓመቱ ለባርሴሎና የተሰለፈ ልጅ። በሴፕቴምበር 2020 ዩክሬን ላይ ለስፔን ሲያገባ 17 ዓመት ከ311 ቀኑ ነበር፤ ከ1925 ጀምሮ የቆየ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቱ ተጎዳ። ቀዶ ሕክምናው አንዴ ብቻ አልሆነም፤ ተደጋገመ። በመሐሉ የሜሲን ቁጥር 10 ማሊያ አለበሱት። የተጎዳ ጉልበት ላይ ያን ሁሉ ተስፋ መጫን ምን ይባላል? ወደ ብራይተን በውሰት፣ ከዚያ ወደ ሞናኮ ሄደ። በጁላይ 2025 ያንኑ ቁጥር 10 ለ18 ዓመቱ ያማል ሰጡት።

ፔድሪም አለ። በ18 ዓመቱ፣ በ2020/21 የውድድር ዘመን፣ ለክለብና ለአገር ከ70 በላይ ጨዋታ አደረገ። ወደ 2021 በተሸጋገረው የአውሮፓ ዋንጫ የስፔንን ጨዋታዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ተጫወተ። ግማሽ ፍፃሜው ጁላይ 6 አለቀ። በዚያው ወር ማብቂያ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ነበር። የኦሊምፒክ ቡድኑ አሰልጣኝ ዴ ላ ፉዌንቴ ነው። ከላይ ያመሰገንኩት ሰው ነው፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ፔድሪን የታፋ ጡንቻው ለዓመታት አሠቃየው። እንደገና ሙሉ የውድድር ዘመን በጤና ሲጫወት ያየነው በ2024/25 ነው።

የጋቪው የባሰ ያበሳጫል። ኖቬምበር 2023፣ ቫላዶሊድ፣ ስፔን ከጆርጂያ። ስፔን ለአውሮፓ ዋንጫ ካለፈች ቆይታለች፤ የጨዋታው ውጤት ብዙ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። የ19 ዓመቱ ጋቪ ግን ተሰለፈ። የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የአውሮፓ ዋንጫው አመለጠው፤ ወደ ሜዳ የተመለሰው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ፈረንሳይ ጂብራልታርን 14 ለ 0 ስታሸንፍ፣ 17 ዓመቱ ዋረን ዛኢር ኤመሪ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ ጎል አገባ። ጎሉን ሲያገባ ቁርጭምጭሚቱን ረገጡት። ደስታውን ሳይጨርስ ወጣ።

ያማልም ወደዚህ እየተጠጋ እንዳይሆን ብዙዎች ሰግተዋል። በሴፕቴምበር 2025 ከስፔን ጨዋታ ሲመለስ ብሽሽቱን አመመው። የባርሴሎናው አሰልጣኝ ሀንሲ ፍሊክ ልጁ ማስታገሻ እየወሰደ ነው የተጫወተው ብሎ በግልጽ ወቀሰ። በኖቬምበር ደግሞ ልጁ ለዚሁ ሕመም ሕክምና በማድረጉ ከብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ተለቀቀ፤ ፌዴሬሽኑ ቀድሞ አልተነገረኝም ብሎ ቅር ተሰኘ። ክለቡና ፌዴሬሽኑ ሲጓተቱ መሐል ላይ የነበረው ልጅ 18 ዓመት ከሞላው ገና ጥቂት ወራቱ ነበር።

ተጫዋች በብሔራዊ ቡድን ሲጎዳ ፊፋ ለክለቡ የደመወዝ ካሳ የሚከፍልበት ሥርዓት አለው። ለልጁ ጉልበት የሚከፈል ግን የለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች በዓመት ከዚህ በላይ አይጫወትም የሚል ዓለም አቀፍ ደንብም የለም። የጀርመን ሕግ ልጁ ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ከስታዲየም እንዲወጣ ይጨነቃል። ስንት ጨዋታ አድርጎ እንደመጣ የሚጠይቅ ሕግ ግን አላየንም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማወጣው ደንብ ይህ ነው፤ እስከ 18 ዓመት ድረስ የክለቡም የአገሩም ደቂቃ በአንድ መዝገብ ይቆጠር፣ ጣሪያም ይኑረው። ሁለት አለቃ ያለው ልጅ ራሱን መከላከል አይችልም። "አልችልም" ያለ ልጅ ቦታውን የሚያጣ ይመስለዋል።

የዘገዩት

ማርቲን ኦዴጋርድ ለኖርዌይ የተሰለፈው በ15 ዓመቱ ነው። በ16 ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ወሰደው፤ ዓለም ስለ እሱ ብቻ አወራ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። ሄሬንቪን፣ ቪቴሴ፣ ሪያል ሶሲዬዳድ እያለ በውሰት ዞረ። "አለቀለት" የሚሉ በዙ። ልጁ ግን በእነዚያ ዓመታት በየሳምንቱ ይጫወት ነበር። ዛሬ የአርሰናልም የኖርዌይም አምበል ነው።

አሌክሳንደር ኢሳክም እንዲሁ። ከኤርትራ ከተሰደዱ ወላጆች ስቶክሆልም አጠገብ፣ ሶልና የተወለደ ልጅ ነው፤ በእኛ አካባቢ የሐበሻ ልጅ ብሎ የማይከታተለው ጥቂት ነው። በጃንዋሪ 2017፣ በ17 ዓመቱ ለስዊድን ሲያገባ በአገሪቱ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ጎል አግቢ ሆነ። ዶርትሙንድ ወዲያው ገዛው፤ እዚያ ግን ወንበር ላይ ቀረ። ያወጣው ወደ ሆላንዱ ቪለም 2 በውሰት መሄዱ ነው። በግማሽ የውድድር ዘመን 13 የሊግ ጎል አገባ። ሶሲዬዳድ፣ ኒውካስል፣ በ2025 ደግሞ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል። በ19 ዓመቱ የሚጫወትበት ትንሽ ክለብ ባያገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ያለው ሥርዓት በጣም የሚበድለው ግን እንዲያውም ቶሎ ያልታዩትን ነው። አካዳሚዎች ልጆችን የሚመድቡት በዓመት ነው። ጃንዋሪ የተወለደውና ዲሴምበር የተወለደው በአንድ ምድብ ይጫወታሉ። በ12 ዓመት ዕድሜ የአስራ አንድ ወር ልዩነት ብዙ ነው፤ አንዱ ረዝሞ ጎልምሷል፣ ሌላው ገና ሕፃን ነው። መልማዩ የሚመርጠው ረዥሙን ነው። በአውሮፓ አካዳሚዎች በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከመጨረሻዎቹ እጅግ የሚበዙት ለዚህ ነው። ብሔራዊ ቡድኖች የሚመርጡበት ዕድሜ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ይህ ስህተት እየገነነ ይሄዳል።

ቤልጂየም ለዚህ መላ ፈጥራለች። ሰውነታቸው ዘግይቶ ለሚያድግ ልጆች ከመደበኛው የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ጎን ለጎን ሌላ ብሔራዊ ቡድን አቋቁማለች። ልጁ እኩዮቹን በቁመት እስኪደርስ ድረስ ከዓይን አይጠፋም፤ የአገሩን ማሊያ ለብሶ ይጫወታል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትልልቆቹ አገሮች ሁሉ በየዕድሜ ክልሉ እንዲህ ያለ ቡድን እንዲኖራቸው እመኛለሁ።

ቴዎዶር ገብረሥላሴን የምናስታውስ እንኖራለን። አባቱ ሕክምና ሊማር ወደ ቼኮዝሎቫኪያ የሄደ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው፤ እናቱ ቼክ ናት። ቴዎዶር የተወለደው በ1986፣ ዲሴምበር 24 ነው። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2011፣ በ24 ዓመቱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከስሎቫን ሊቤሬች ጋር የአገሪቱን ሊግ ወሰደ፤ በዩሮ 2012 የቀኝ መስመር ተከላካይ ሆኖ ሩብ ፍፃሜ ደረሰ፤ ከዚያው ውድድር በኋላ ቬርደር ብሬመን አስፈረመው፣ ዘጠኝ ዓመትም በቡንደስሊጋ ተጫወተ። በዛሬው ጥድፊያ በ24 ዓመቱ ለአገሩ ያልተሰለፈ ተከላካይን ዞር ብሎ የሚያየው መልማይ ጥቂት ነው።